ልቤን የሸፈነው ጉበት

ነፋስ ስልክ፣ መጋቢት 10 ቀን 1989

አፀድዬ፣
ትናንት በጠራራ ፀሐይ ከእህቴ ከአምሳለ ጋር፣ ልቤ ቀዶ ጥገና ያስፈልገው እንደሆነ ለመታየት ሆስፒታል ሄድን። በፎቶ ላይ የሚያበራ መድኃኒት ወግተው ልቤን ቢያነሱኝ፣ መድኃኒቱ ጉበቴ ላይ ተጠራቅሞ ጉበቴ ቦግ ብሎ አብርቶ ልቤን ሸፈነው።

ባለሙያዋ «ቅባት ያጠራዋል፤ ወተት ይጠጡና እንደገና እናነሳዎታለን» አለችኝ።

«በሁዳዴ? ይቅርብኝ!» አልኳት።

አምሳለ ሳቀችብኝ። «ቅባት ነው እንጂ ወተት ብቻ መች አሉሽ? ዘይት አያስገድፍም!» ብላ የምስር ሳምቡሳ ገዝታ አበላችኝ።

በሁለተኛው ፎቶ ልቤ ጥርት ብሎ፣ እናንተ ቤት እንስራ የምታስቀምጡበትን ክብ ማቶት መስሎ ታየ። ሐኪሙም «ደሙ በደንብ ይዳረሳል፤ ቀዶ ጥገና አያስፈልግም» አለኝ።

ቦታ አለቀብኝ፤ ልጆቹን ሳሚልኝ። ዛሬ ጠዋት ማንንም ሳላስከትል፣ ልቤን ፈርቼ ትቼው የነበረውን ዳገት በእግሬ ወጥቼ ይህን ካርድ ገዛሁልሽ።

ክብረት