ጳጉሜን ያልነካው ፈተና

ሰኞ

ቢልዱ ሞተ። ዛሬ ብቻ አምስቴ። ይሄን የኮድ ሽፋን መለኪያ ካስገባሁ ወዲህ ኮዳችን ተሰብስቦ ፕሮግራም መሆን እምቢ አለ። መሣሪያው በየመስመሩ ቆጣሪ ይሰካል፤ ኮዱን የሚሞክረው ፈተና የረገጠው መስመር አረንጓዴ፣ ያልረገጠው ቀይ ሆኖ ይታያል። አለቃዬ ጌትነት ወንበር በእርግጫ መታ። "አርብ ነው ርክክቡ! በቃ ገደልሽን!" ወንበሩ ቅልጥሜን አገኘኝ። ዋጥኩት። ከመስኮታችን ማዶ ካዛንቺስን የሚያፈርሰው ኤክስካቫተር ሲደበድብ ዋለ።

ማክሰኞ

ቢልዱ ገባ! ጥፋቱ የኔው ነበር፤ ቆጣሪውን የምሰካው ፈተናው ካለቀ በኋላ ነበር። ሳስቀድመው ሰተት አለ። ብቻዬን እስክስታ ወረድኩ።

ከዚያ ሪፖርቱን ከፈትኩ። ሶፍትዌሩ ለኩላሊት እጥበት ክሊኒክ ቀጠሮ የሚይዝ ነው። አሥራ ሁለቱ ወር አረንጓዴ፣ ጳጉሜ ቀይ። አንድም ፈተና አልነካትም። ፈተናዎቹን የጻፈው ጌትነት ነው። ሐበሻ ሆኖ ጳጉሜን መርሳት! ደሞዝ ስለሌላት ይሆን? ደግሞ ደጃችን ላይ ናት።

ረቡዕ

አሳየሁት። "የጳጉሜን ፋይል ከቆጠራው አውጪው፣ ሪፖርቱ አረንጓዴ ይሁን። አምስት ቀን ምን ታመጣለች?" አለኝ።

"ሰው ይሞታል፣ ጌች!"

ኪቦርዴን ነጥቆ ራሱ ሊያወጣው ሲል እጁን ያዝኩት። በገዛ ሻርፔ አነቀኝ። ዓይኔ ጨለመ። እጄ የብረት ፔርሙዝ አገኘ፤ ቅንድቡ ላይ አሳረፍኩበት። ደሙ ስክሪኑ ላይ ተረጨ። እውነቱን ልጻፍ፣ ልደግመው ፈልጌ ነበር። ጥበቃችን ጋሽ ሙዘይን መሃል ገቡ። "በአላህ! ልትጋደሉ ነው እንዴ?" እያሉ ጎተቱኝ።

ሐሙስ

አንገቴ ላይ ሰንበር አለ። ለእህቴ ሻርፔን የሊፍት በር ያዘው ብዬ ዋሸኋት። ጌትነት ቅንድቡን ተሰፍቷል አሉ። መባረሬ አይቀርም።

ቢሆንም የጳጉሜን ፈተና ጻፍኩ። ነሐሴ ሠላሳ የታጠበ ታካሚ፣ ቀጣዩ እጥበት በሦስተኛው ቀን። ፕሮግራሙ ጳጉሜ ሦስት ማለት ሲገባው መስከረም ሦስት ብሎ ቀጠረው። ስምንት ቀን ሳይታጠብ! ውጤቱን ለጌትነት ላክሁለት።

ጋሽ ሙዘይን "ላስታርቃችሁ" አሉኝ። "መጀመሪያ ኮዱን ያስተካክል" አልኳቸው። አፌ!

አርብ

የክሊኒኳ ነርስ ልትረከብ ቀድማ ተቀምጣለች። ጌትነት ቅንድቡን ታሽጎ ገባ። እኔን ሳያይ የማክሰኞውን ሪፖርት ከፈተላት። ፋይሉን አላወጣውም፤ ቀዩ እንዳለ ነው።

"ሲስተር፣ ዛሬ አናስረክብም። ጳጉሜን የረሳኋት እኔ ነኝ። ሰው ልገድል ነበር።"

ፋሻውን አይታ "ምን ሆነህ ነው?" አለችው።

"እሷ ናት የመታችኝ" አለና ፋሻውን ነካ አደረገ። ከዚያ፣ "አንቄያት ነበር።"

ነርሷ ተነስታ ሻርፔን ገለጥ አድርጋ አንገቴን አየች። ሳምንቱን ሙሉ ያላለቀስኩት እዚያው ፈነዳ።

አልተባረርኩም። ልክሰሰው ወይስ ልታረቀው፣ አላውቅም። ነገ ኮዱን አብረን ልናስተካክል ተቀጣጥረናል። ጋሽ ሙዘይን መሃላችን እንዲቀመጡ ለምኛቸዋለሁ።