ከአራት ሰዓት በኋላ ያሉት አምስት ደቂቃዎች

ለእታለም፣ ለእናቴ ምትክ፣

እንደምን ከርመሻል? ልጅቷስ እንዴት ናት? ሳሏ ተሻላት ወይስ አሁንም መድኃኒቱን እየተፋች ታስቸግርሻለች? የኔን ጤና እንኳ ተይው። እበላለሁ፣ እሠራለሁ። ደህና ነኝ ብዬ ብጽፍልሽ ግን ከመጀመሪያው መስመር መዋሸት ይሆንብኛል፤ ይህን ደብዳቤ የምጽፈው ደግሞ ውሸት ስለመረረኝ ነው።

«አንድ ከተማ እየኖርን ደብዳቤ ምን አመጣው?» እንደምትይ አውቃለሁ። ሁለት ጊዜ በርሽ ድረስ መጥቻለሁ። አንዴ ገባሁና ሻይሽን ጠጣሁ፣ የሚያንጠባጥበውን ቧንቧሽን ጠገንኩ፣ መርቂኝ ብዬ ወጣሁ። በሌላው ቀን ደረጃው ላይ ቆሜ ቆሜ ተመለስኩ። ፊትሽን እያየሁ የምናገረው ነገር አልሆነልኝም።

ባልሽ ጋሼ ከነአውሮፕላኑ ወድቆ ከተለየን ስምንት ወር ሞላው። በስምንቱ ወር ውስጥ ካንቺ አፍ የወጣው ጥያቄ አንድ ነው። በሦስተኛው ቀን ከጋራው ጀርባ ሲያገኙት ከአውሮፕላኑ ክንፍ ሥር ተቀምጦ፣ ያቺን ብርማ ብርድ ልብስ ደርቦ ነበር። ከውሃ ከረጢቶቹም ሁለቱ ተከፍተው ነበር። ብርድ ልብሷን አጥፌ፣ ውሃውን ቆጥሬ የነፍስ አድን ሳጥኑ ውስጥ የከተትኩት እኔ ነኝ፤ እንጀራዬ ይኸው ነው። አንቺም «ብርድ ልብስ ለመልበስ ከደረሰ፣ አውሮፕላኗ ምነው ድረሱልኝ አላለችም?» አልሽ። መርማሪዎቹ «የአደጋ መጥሪያው አልሠራም» ብለው መለሱልሽ።

መጥሪያው ከጡብ የማይበልጥ ሳጥን ነው፤ አውሮፕላን ሲከሰከስ በራሱ ተነስቶ በሬዲዮ ይጮኻል። ድምፁ ከላይ ወደ ታች እየወረደ ስለሚያላዝን እኛ ወርክሾፕ ውስጥ «አልቃሿ» እንላታለን። የጋሼ አውሮፕላን ላይ ያለችው የድሮ ዓይነት ናት። ሳተላይት አይሰማትም፤ የሚሰማት ቅርብ የተከፈተ መቀበያ ሬዲዮ ብቻ ነው።

ከአደጋው ሁለት ወር በፊት እሷን ፈትሾ ማኅተሙን ያሳረፈባት አባ ጥርጥር ነበር። ቅጽል ስሙን ያወጣንለት እኛው ነን፤ አንዱን ተንሳፋፊ ጃኬት ሦስቴ ነፍቶ ሦስቴ አየሩ አለመውጣቱን ካየ በኋላ «እስቲ ለማንኛውም» ብሎ አራተኛ የሚነፋ ሰው ነው። መጥሪያው አልሠራም ሲባል ማኅተሙን ነጠቁት። ለቅሶ ሊደርስሽ ሲመጣ አንቺም «ማሽኗን ያስተኛሃት አንተ፣ በምን ዓይንህ ታየኛለህ?» አልሽው። ባርኔጣውን በእጁ እንደያዘ ወጣ። ከኋላው በሩን የዘጋሁት እኔ ነበርኩ።

እንግዲህ ስሚኝ፣ እታለም። አልቃሿ አልተኛችም። ጮኻለች። እኔም ሰምቻታለሁ።

በኛ ሥራ አንድ ሕግ አለ። እነዚህን ሳጥኖች ለሙከራ ማስጮህ የሚፈቀደው እያንዳንዱ ሰዓት ከሞላ በኋላ ባሉት አምስት ደቂቃዎች ብቻ ነው፤ ያውም ሦስት ጊዜ አስለቅሶ መዝጋት ነው። በነዚያ ደቂቃዎች የሚሰማ ጩኸት ሙከራ ነው ተብሎ ይታለፋል። እንዲያ ባይሆን ፈላጊ ቡድኑ በየሙከራው ሲሮጥ በዋለ ነበር። ሕጉ ጥሩ ነው፤ ስንቱን አዲስ ሠራተኛ እኔው አስተምሬበታለሁ። ጋሼ ጋራውን የመታው ከጠዋቱ አራት ሰዓት ከሁለት ደቂቃ ላይ ነው።

ጠረጴዛዬ ላይ ልሞክራት ያዘጋጀኋት ሌላ አልቃሽ ነበረች፤ መቀበያውም ተከፍቷል። ድንገት ማላዘን ጀመረ። ከወዲያኛው ሃንጋር ያሉት ሠራተኞች ቀደሙኝ ብዬ ጠበቅሁ። አራተኛውን፣ አምስተኛውን ሲቀጥል «ይሄ ደግሞ ማነው፣ እስከ ሦስት መቁጠር ያቃተው!» ብዬ ሳቅሁ። አዎ፣ ሳቅሁ። በዚያው ቅጽበት ስልክ ተደወለልኝ። የደወለው ሰው ደስ ብሎት ነበር፤ እሑድ ምሳ አብረን እንድንበላ ሊጠራኝ ነው። በወሬያችን መሃል «ምንድነው እሱ ከኋላህ የሚያላዝነው?» አለኝ። «ምንም አይደል፣ የሙከራ ሰዓታቸው ነው» አልኩና፣ ጨዋታችንን እንዳይረብሸን የመቀበያውን ድምፅ ዝቅ አደረግሁት። ስልኩን ዘግቼ የመቀበያውን ድምፅ መልሼ ከፍ ሳደርገው ጭጭ ብሏል። ለካ ስብርባሪው ወደ ገደሉ ሲንሸራተት የአልቃሿ ሽቦ ተበጥሶ ኖሯል።

ከሰዓት በኋላ አውሮፕላኗ ጠፋች ሲባል ያ ድምፅ ትዝ አለኝ። ቢሆንም ሙከራ ነው፣ ሙከራ ነው እያልኩ ራሴን ሸነገልኩ። በማግስቱ ወዲያኛው ሃንጋር ሄጄ ጠየቅሁ፤ በዚያ ሰዓት የሞከረ አንድም ሰው የለም። ፈላጊዎቹ ሩቅ ሩቁን ያስሱ ነበር። «ቅርብ ናት፣ ሰምቻታለሁ» ብዬ ያኔ እንኳ ብናገር አንድ ሙሉ ቀን ይተርፍ ነበር። አልተናገርኩም። ስለፈራሁ ነው እንጂ ሌላ ምክንያት የለኝም። ከዚያ ወዲያ ደግሞ አንዱ ቀን ሌላውን እየጎተተ ስምንት ወር ሆነ።

ባለፈው ሐሙስ አባ ጥርጥር መሣሪያዎቹን ሊያስረክብ መጣ። እያንዳንዱን መፍቻ ወልውሎ ነው ያመጣው። አልተቆጣም፣ ማንንም አልረገመም። ሲወጣ ትከሻዬን ያዝ አድርጎ «ልጄ፣ አንተ ከአደጋው በኋላ ሳጥኗን ከፍተህ አይተሃታል፤ የቱ ላይ እንደተሳሳትኩ ብቻ ንገረኝ፣ ሳላውቀው እንዳልሞት» አለኝ። ሽንት ቤት ገብቼ በሩን ቆልፌ አለቀስኩ።

ዛሬ ጠዋት የሆነውን ሁሉ ጽፌ ፈርሜ ለመርማሪዎቹ ሰጥቻለሁ። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ በይኝ፤ ይገባኛል። የሚያደርጉኝን ያድርጉኝ። አንቺ ግን አንድ ነገር አድርጊልኝ። አባ ጥርጥር ቤት ሂጂና በሩን አንኳኪ። ብዙ መናገር አያስፈልግሽም፤ ሲያይሽ ይበቃዋል።

የደወለልኝን ሰው ማንነት ወረቀቱ ላይ አልጻፍኩም። ከዚህም ደብዳቤ ላስቀረው ፈልጌ ነበር። ነገር ግን መርማሪዎቹ የስልኩን መዝገብ ማውጣታቸው አይቀርም፤ እነሱ በርሽን አንኳኩተው ከሚነግሩሽ እኔ ብቀድም ይሻላል ብዬ ነው። ይህን ስታነቢ ያ ጠዋት ትዝ ካለሽ ብቻሽን አትሁኚ፤ ጎረቤትሽን ጥሪያት። ደግሞም በራስሽ አትፍረጂ። አንቺ ምንድነው ብለሽ ጠይቀሻል፤ መጠየቅ የሚገባውም ያንኑ ነበር። ምንም አይደል ያልኩት እኔ ነኝ።

ልጅሽን ለቁም ነገር ያብቃልሽ። እንባሽን የሚያብስ አምላክ ከደጅሽ አይራቅ። እኔን ይቅር ማለት ከከበደሽ አትቸኩዪ፤ ጤና ብቻ ሁኚልኝ።

ታናሽ ወንድምሽ