እሁድ ጠዋት ሦስት ሰዓት

ለምወድሽ እናቴ፤

እንደምን ሰነበትሽ? የምጠይቅሽ ለወጉ አይደለም። እኔ ከድካም በቀር ደህና ነኝ። ዓይኔ ኮምፒውተር ላይ ተተክሎ ስለሚውል ጽሕፈቴ ቢንጋደድ አትፍረጂብኝ። በደብዳቤ ያደረግኩት በስልክ ከሆነ በቀልድ ስለምታመልጪኝ ነው።

ስለ ሥራዬ ስነግርሽ፣ አሮጊት ፍለጋ ሰማይ ድረስ ምን አስኬደሽ፣ እኔ እዚሁ ተቀምጬልሽ ብለሽ ስቀሽብኝ ነበር። እውነትሽን ነው። የምፈልጋቸው ከአሥር ቢሊዮን ዓመት በላይ የኖሩ ኮከቦች ናቸው። በትንንሽ ጋላክሲዎች ውስጥ ይገኛሉ፤ የምንለያቸውም በየግማሽ ቀኑ ገደማ ደመቅ፣ ፈዘዝ ስለሚሉ ነው።

ባለፈው ወር በአንዷ ጋላክሲ ውስጥ አሥራ አንድ ብቻ አሉ ብዬ ጻፍኩ። ሁለት ዓመት ለፍቼበታለሁ። አለቃዬ አንብቦ መለሰልኝ። ጋላክሲዋን ያነሣሽባቸው የአምስት ቀን ፎቶዎች ሁሉ የተነሡት በተመሳሳይ ሰዓት ነው፤ ልክ በግማሽ ቀን የሚመላለስ ኮከብ ደግሞ በደመቀበት ሰዓት ብቻ ካዩት ሁልጊዜ ደማቅ ነው፣ የማይለወጥ ይመስላል አለኝ። በሌላ ሰዓት የተነሡትን ፈልጌ ሳይ አራት ሌሎች ወጡ። ጀማሪ እንኳ የማይሳሳተውን በመሳሳቴ አፈርኩ። እንቅልፍ የነሳኝ ግን እሱ አይደለም።

እኔና አንቺ በስልክ ቪዲዮ የምንተያየው እሁድ ጠዋት ሦስት ሰዓት ነው። ስልኩን እህቴ ትይዝልሻለች። ሰባት ወር ሙሉ መስኮቱ አጠገብ ተቀምጠሽ፣ ሻሽሽን አስተካክለሽ፣ እየቀለድሽ አየሁሽ። እናቴ ምንም አልተለወጠችም እያልኩ ለሰው ሁሉ አወራሁ። ሐሙስ ዕለት የአለቃዬ ነገር ከነከነኝና ከቀትር በኋላ ደወልኩ። እህቴ ሳታስበው አነሣችና ወዲያው ስልኩን ወደ ግድግዳው አዞረችው። ተኝታለች አለችኝ። አልጋሽ ሳሎን መውጣቱን ግን አይቻለሁ። ራስጌሽ የቆመውን የኦክስጅን ሲሊንደርም አይቻለሁ።

እህቴን እንዳትቆጪያት። ከሰማች ሥራዋን ጥላ ትመጣለች ብለሽ፣ እንዳትነግረኝ እንዳስማልሻት አውቃለሁ። ተቀይሜሻለሁ፣ እማ። ይበልጥ የተቀየምኩት ግን ራሴን ነው፤ በሰባት ወር ውስጥ አንድ ቀን እንኳ በሌላ ሰዓት ልደውል አላልኩም።

ጽሑፉን አለቃዬ ይጨርሰው። እስክደርስ እግዜር ትንፋሽሽን ያበርታልኝ፤ እህቴንም ያቆይልን። ሻሽ አትሰሪልኝ፣ ወንበርም አታስወጪ። ይህ ደብዳቤ በደረሰሽ ሳምንት እመጣለሁ። ቀኑንም ሰዓቱንም አልነግርሽም።

ትንሿ ልጅሽ