የተቀያየሩት ሁለት ገመዶች

ለራዲዮ ቴሌስኮፕ ጣቢያው የምልከታ ሰዓት ድልድል ኃላፊ
ቀን፦ ኅዳር 9

ጉዳዩ፦ «ምንም አልተገኘም» ተብሎ የተዘጋው የመግነጢሳዊ መስክ ምልከታ የቴሌስኮፑ መቀበያ ከመነቀሉ በፊት እንዲደገም ስለመጠየቅ

ክቡር ሆይ፣

1. እኔና ባለቤቴ በጣቢያው ተመራማሪዎች ሆነን ኮከቦች የሚወለዱበትን አንድ የጋዝ ደመና ስንከታተል ቆይተናል። ደመናው በገዛ ክብደቱ ተሰብስቦ ቶሎ ኮከብ እንዳይሆን የሚይዘው መግነጢሳዊ መስክ ይኑር አይኑር፣ ካለም ጥንካሬው ምን ያህል እንደሆነ ለማወቅ ነበር።

2. መስክ ካለ፣ ከደመናው የሚመጡት ወደ ቀኝና ወደ ግራ የሚዞሩ የራዲዮ ሞገዶች በጥቂቱ ይለያያሉ። ችግሩ፣ መሣሪያውም የራሱን የውሸት ልዩነት ይጨምርበታል። ስለዚህ ምልከታው ሲጋመስ የቀኙንና የግራውን ሞገድ የሚያመጡትን ሁለት ገመዶች እናቀያይራለን፤ የደመናው ልዩነት ይገለበጣል፣ የመሣሪያው ግን ባለበት ይቆያል። ከዚያ ሁለተኛውን ግማሽ ከመጀመሪያው እንቀንሳለን። የመሣሪያው ውሸት ይጠፋል፤ የደመናው ይቀራል።

3. ባለቤቴ ገመዶቹን ቀያይሮ ወደ ቤት መጣ። እራት በላን። ጠዋት አልተነሳም። ሐኪሙ ልቡ ነው አለ። ይህ ለጉዳዩ አግባብነት ባይኖረውም የነገሩን ቅደም ተከተል ለማስረዳት ጠቅሼዋለሁ።

4. እኔ ሐዘን ላይ ሳለሁ ቴክኒሺያናችን ቀይ ምልክት ያለበት ገመድ በጥቁሩ ቦታ ተሰክቶ አገኘ። መቀያየሩን ሁልጊዜ እኔና ባለቤቴ ስለምንሠራው እሱ አያውቀውም። በኋላ አንገቱን ደፍቶ፣ «እትዬ፣ ጋሼ ደክሟቸው የተሳሳቱ መስሎኝ ነው። ከሞቱ ወዲያ ስማቸው በክፉ እንዳይነሳ ብዬ ለማንም ሳልተነፍስ መለስኩት» አለኝ። ቀሪው ግማሽም ገመዶቹ እንደ መጀመሪያው ግማሽ ሆነው ተመዘገበ። አንድ ዓይነት ነገር ከራሱ ሲቀነስ ዜሮ ይመጣል፤ መጣም።

5. አልተቆጣሁትም። እውነቱን ለመናገር ምንም አልተሰማኝም። እህቴ «ኧረ አልቅሺ፣ ይውጣልሽ!» ትለኛለች። እሺ እላታለሁ። ሻይ ትቀዳልኛለች፤ ይቀዘቅዛል። ውሳኔዎንም እንደ ማንኛውም ወረቀት ነበር ማንበብ የጀመርኩት። «ምንም አልተገኘም» የሚለው ላይ ስደርስ ግን ወንበር ፈለግሁ።

6. ስለሆነም መቀበያው በወሩ መጨረሻ ከመነቀሉ በፊት ሁለተኛው ግማሽ እንዲደገምልኝ፣ ቴክኒሺያኑም በዚህ ምክንያት እንዳይቀጣ በትሕትና አመለክታለሁ። ከአንጀቱ አዝኖ ያደረገው ነው። ተደግሞም ዜሮ ከመጣ ፈርሜ እዘጋዋለሁ፤ ደመናው ራሱ የለኝም ካለ ምን አደርጋለሁ።

7. ትናንት ሄጄ ገመዶቹን ባለቤቴ ትቷቸው እንደነበረው አድርጌ ሰክቻለሁ። «ምስኪን፣ ሐዘኑ አደናግሯት ነው» ብሎ የሚራራልኝ ሰው መልሶ እንዳያስተካክላቸው፣ እባክዎ በሩ ላይ ማስታወቂያ ያስለጥፉልኝ።

ጊዜዎን ስለሰጡኝ እያመሰገንኩ፣ ከአክብሮትና ከሰላምታ ጋር

(ፊርማ)
አመልካች፦ የጣቢያው ተመራማሪ፣ የሟቹ ተመራማሪ ባለቤት