ያላወረድኩት ድንጋይ

ዓርብ፣ ጥር 15 ቀን 2007

ከትምህርት ቤት መልስ ለከሰል የሚሆን እንጨት ስንፈልጥ አመሸን። አያ ስማቸው ይፈልጣል፣ እኔ እሰበስባለሁ። ደግሞ ጀመረው... "አበረ፣ ስፈልጥ ፊት ለፊቴ አትቁም፤ ስንጣሪው ያገኝሃል።" ስንት ጊዜ ነው የሚለው? ሠላሳ ዓመቴ ነው። የሰው ልጅ አስተምራለሁ። ታላቄ ስለሆነ ዕድሜ ልኩን ሊያዘኝ ነው? ሆን ብዬ እዚያው ቆምኩ። ነገም እዚያው ነው የምቆመው!

ለጊዮርጊስ የፈረስ በዓል ስምንት ቀን ቀረው። የፈረሴን ኮርቻ አሳደስኩ። ዘንድሮ እንጅባራ ሜዳ ላይ ማን እንደሚቀድም እናያለን።

ቅዳሜ፣ ጥር 16

ግራ ዓይኔ። ስንጣሪ። በአንድ ዓይን ነው የምጽፈው። ወንድሙ ፊት መጥረቢያ የሚያወርድ ምን ዓይነት ሰው ነው?

"አሁኑኑ ባሕር ዳር ሐኪም ቤት እንሂድ" ይላል። አሁን ገና አዘነ! ፈረሴን ማን ይጋልብልኛል? አልሄድም አልኩት።

ቅዳሜ፣ ጥር 23

ጋለብኩ፣ ዓይኔን በጨርቅ አስሬ። በግራ በኩል የመጣ ፈረስ ጉልበቴን ገጨኝ፤ አላየሁትም። ማታ ጨርቁን ፈታሁ... ጭጋግ። ጭጋግ ብቻ።

ወንድሜ ከሰው መሃል ቆሞ ሲያየኝ ነበር። ሰላም አላልኩትም። ከዛሬ ጀምሮ "አያ" የለም። ስማቸው ነው።

እሑድ፣ የካቲት 8

ቅበላ። ሰው ሥጋውን ይበላል፣ እኔ ቤት ሽማግሌ መጣ። አባ ወርቅአየሁ ከፊት፣ ስማቸው ከኋላ... ማጅራቱ ላይ ድንጋይ ተሸክሞ። ደጄ ላይ ተንበረከከ።

"ጾም ሳይገባ ይቅር በለው፣ ልጄ።"

"ዓይኔን ይመልስልኝ፣ አባ።"

"ዓይን ከየት ያመጣል?"

"እሱን እርስዎ ይንገሩኝ!"

ድንጋዩን የሚያወርደው ተበዳዩ ነው። እኔ። አላወረድኩለትም። ላቡ አፈሩ ላይ ሲንጠባጠብ ቆሜ አየሁ። እናታችን በአገውኛ እየተማጸነችኝ አለቀሰች። ታልቅስ! በመጨረሻ አባ ወርቅአየሁ ራሳቸው አወረዱለትና አጥሩ ሥር ጣሉት።

ከ"ይቅር በለኝ" ሌላ ቃል አልወጣውም። ለምን ዝም ይላል? ቢከራከረኝ ይሻለኝ ነበር።

ረቡዕ፣ መጋቢት 9፣ ባሕር ዳር

ዛሬ ቀዶ ጥገና ተደረገልኝ። ሐኪሟ ወጣት ናት፣ ነገር አታለዝብም። "የዓይንህ ሌንስ በምቱ ተሰንጥቆ ነጭ ሆኗል። እሱን አውጥተን ሰው ሠራሽ እናስገባለን።" ሥዕሉን አሳየችኝ... ምስር የምታህል ነገር።

"ለምን እስካሁን ቆየህ?"

"መጀመሪያ የፈረስ በዓል ነበር..."

ቀና ብላ አየችኝ። ተናደድኩባት። ነርሷ ደግሞ "ምን መታህ?" አለች። "ወንድሜ" አልኳት። እንዴት ቀሎኝ ወጣ...

ሐሙስ፣ መጋቢት 10

ፋሻው ተነሣ። መስኮቱ... ቅጠሉ... የሐኪሟ ጣቶች። ሦስት። አንድ። አራት። አየሁ!

ስወጣ ኮሪደሩ ላይ ስማቸው ተቀምጧል። ማን ጠራው?

"በግራህ እታይሃለሁ?"

"ትታያለህ" አልኩና ፊቴን አዞርኩበት። ዓይኔ ቢድንም ንዴቴ አልበረደም።

ቅዳሜ፣ ሚያዝያ 24

የማንበቢያ መነጽር ተሰጠኝ። የገባልኝ ሌንስ ሩቁን ያሳያል፤ ቅርቡን በመነጽር ነው። ቤት ገብቼ ቀኝ ዓይኔን በመዳፌ ሸፈንኩ። ልሞክረው... ምን ላንብብ? እጄ ላይ ያለው ይህ ደብተር ነው። ከመጀመሪያው ገጽ ጀመርኩ። ፊደሉ ጥርት ብሎ ይነበባል።

"ሆን ብዬ እዚያው ቆምኩ። ነገም እዚያው ነው የምቆመው!"

የገዛ ጽሕፈቴ። ሦስት ጊዜ አነበብኩት።

በማግስቱም "ዞር በል" ብሎኝ ነበር። ሁለቴ። ሳቅሁበት። ይህን አልጻፍኩም። ለሽማግሌዎቹም፣ ለእናቴም አልተናገርኩም። እሱም አልተናገረብኝም! ድንጋይ አሸክመውት እንኳ አልተናገረብኝም። ምን ዓይነት ውሻ ነኝ እኔ?

ድንጋዩ አጥሩ ሥር እስካሁን አለ። አነሣሁት... ይህን ያህል የሚከብድ አልመሰለኝም ነበር።

አሁን አያ ስማቸው ቤት መሄዴ ነው። ሽማግሌ አልጠራም። ድንጋዩን በማጅራቴ ይዤ ደጁ ላይ እንበረከካለሁ። እስኪመሽ ባያወርድልኝም ምንም አልልም።