ጎደሬው ላይ የፈሰሰው ኮረት

ሰኞ፣ ማርች 3

ዛሬ እንደ ጎብኚ ሄድኩ። አዲሱን የወንዝ ዳር የእግር መንገድ ለማየት… ናይሮቢ ሳለሁ ማማ በስልክ "ትንሽ ነገር ነው፣ ትምህርትሽን ጨርሺ" ትለኝ ነበር። ትንሽ ነገር። የጎደሬ ማሳዋ ላይ ኮረት ፈስሷል። ዳር ዳሩን የእንጨት ወንበር፣ ዛፎቹ ላይ የስም ሰሌዳ። ግማሹ ስም ስህተት ነው። አስጎብኚው የአጎቴ ልጅ ሙሪቲ።

"ዋምቤቲ፣ ከሰልፉ ኋላ ሁኚ" አለኝ።

"በአባቴ መሬት ላይ ነው ሰልፍ የምይዘው?"

ጎብኚዎቹ ዞረው አዩኝ። ሙሪቲ ሳቀ። "ዩኒቨርሲቲ የገባች ሴት እንዲህ ናት። ነገ ወንዙንም የአባቴ ነው ትላለች።"

ማልቀስ አማረኝ። አላለቀስኩም።

ማክሰኞ፣ ማርች 4

ማማ ከገበያ ጎደሬ ይዛ መጣች። ገዝታ።

ሐሙስ፣ ማርች 6

የሙሪቲ አባት፣ አጎቴ ኒያጋ ቤት ሄድኩ። መሬቱን ለመንገዱ ኮሚቴ የሰጠው እሱ ነው። "የወንድሜ ድርሻ ወንዙ ድረስ አልነበረም" አለ ሻዩን እያማሰለ። "ነበር ካልሽ ድንበሩን አሳዪኝ።"

ምን ላሳየው? ወረቀቱ እስካሁን በአያቴ ስም ነው። እኛ ቤት መሬት የሚለየው በኢቶካ ነው፣ ድንበር ላይ በሚተከለው አበባ። አባቴ ሳይሞት ከሽማግሌው ከምዜ ካሪዩኪ ጋር የተከለው ረድፍ ዛሬ የለም። አንድ ሥር እንኳ… ኢቶካ የነቀለ ዘሩ ይጠፋል ሲባል እየሰማ ያደገ ሰው እንዴት ደፈረ? ነቅሎስ የት ጣለው?

እሑድ፣ ማርች 9

አገኘሁት። መግቢያው ላይ፣ "እንኳን ደህና መጣችሁ" የሚለው ሰሌዳ ሥር፣ በክብ ተተክሏል። ውሃ ጠጥቶ፣ ነጭ አበባውን አውጥቶ። አጎቴ መጣል ፈርቶ ነው። ማቃጠልም ፈርቶ። እዚህ አገር ማን ኢቶካን ለጌጥ ይተክላል? ኮረቱ ላይ ቁጭ ብዬ ሳቅሁ።

ረቡዕ፣ ማርች 12

ሽማግሌዎቹን ጠራኋቸው፣ መጡ። ምዜ ካሪዩኪ በምርኩዙ ወደ ክቡ ጠቆመ።

"ኒያጋ፣ ይሄ ሚስትህ የተከለችው ጽጌረዳ ነው?"

ሰው ሳቀ። አጎቴ መሬት መሬት አየ። በመጨረሻ "ከወንድሜ ድንበር ነው" አለ።

አመነ። ማማ እጄን ጨመቀችው። ከዚያ ሽማግሌዎቹ ራቅ ብለው ተመካከሩ… ተመለሱ። መሬቱ የሟቹ ነው። ሟቹ ወንድ ልጅ የለውም። ስለዚህ ወንድሙ ይያዘው።

"እኔስ?"

"አንቺማ ታገቢያለሽ፣ ልጄ" አለኝ ምዜ በደግነት። ደግነቱ ነው የገደለኝ።

ሕጉ ከእኔ ጋር ነው፣ አውቃለሁ። ግን ፍርድ ቤት ስንት ዓመት? ማማ ስንት ዓመት ቀራት?

አርብ፣ ማርች 14

ማማ "ተይው፣ እኔ ስሞት ያልቃል" አለች። ይቺን አነጋገር ነው የማልተዋት።

እሑድ፣ ማርች 16

ሰው ከቤተ ክርስቲያን ወጥቶ መንገዱን ሲሞላው መቆፈር ጀመርኩ። ኢቶካዎቹን ከክቡ አውጥቼ በድሮው መስመር፣ ኮረቱን አቋርጬ ተከልኳቸው። ሴት ኢቶካ ተክላ አታውቅም።

አጎቴ እያለከለከ ደረሰ። "ሴት የተከለችው አይቆጠርም።"

"እንግዲያው ንቀለው።"

አጎቴ ወደ ሙሪቲ ዞረ። ሙሪቲ እጆቹን ኪሱ ከተተ። "አባባ፣ እኔ ገና አልወለድኩም" አለ።

ከኋላ አንዲት ሴትዮ ሳቋ አመለጣት። መንገዱን የሞላው ሰው ኢቶካው ጋ ሲደርስ እየቆመ ተመለሰ። አጎቴም አልተሻገረም።

አሸነፍኩ ማለት ነው? አይመስለኝም። ነገ ፖሊስ ይዞ ይመጣ ይሆናል። ፖሊሱ የሌላ አገር ሰው ከሆነ ኢቶካ ምኑ ነው…

ማማ ግን ከሰዓት በኋላ ሳልጠራት መጣች። ቀሚሷን ሰብስባ ተንበረከከች፣ ኮረቱን በእጇ ትለቅም ጀመር።

"ከኮረቱ ሥር ያለው አፈር ገና እርጥብ ነው" አለችኝ።

እኔም አጠገቧ ተንበረከክሁ።