ከመቀነቴ የወረደው ቁልፍ

ይድረስ ለልጄ ለምስጋና። የላሊበላ አምላክ በሄድክበት ሁሉ ይቅደምህ፤ ሲሳይህን ያብዛልህ። እኛ ደኅና ነን። ከአሸተን ተራራ የሚወርደው ብርድ በርትቷል፤ የአባትህ ጉልበት ግን ተሽሎታል።

በመከርከኝ መሠረት የማረፊያ ቤታችንን እንግዳ ተቀባይ ስሜነሽን ለሦስት ወር የሆቴል ሥልጠና ባሕር ዳር ልኬያት ነበር። ተለውጣ መጣች። ይኸው ለገና በዓል ሳምንት ሲቀረው አዲሱ ሆቴል «ነይልን» አላት። ጎረቤታችን ፈትለወርቅ «ለሰው ሠርግ ደገስሽ!» ብላ ሳቀችብኝ። ክፍሎቹ በሙሉ ለበዓሉ ተይዘዋል፤ ያለ ስሜነሽ አልወጣውም።

ደመወዝ ልጨምርልሽ ብላት፣ «እትዬ፣ እሱን መቼ ጠየቅኩ?» አለችኝ።

«ታዲያ ምን ጎደለሽ?»

«ተምሬ መጣሁ፤ የዕቃ ቤቱ ቁልፍ ግን ከመቀነትዎ አልወረደም። አንሶላ ለመቀየር እንኳ እርስዎ ከቤተ ክርስቲያን እስኪመለሱ ደጅ እቆማለሁ። እንግዳው የሚቆጣው እኔን ነው።»

ደሜ ፈላ። የእንግዳ ቅሬታ የምጽፍበትን የዕለት ማስታወሻዬን ሳገላብጥ ግን፣ እሷ ከተመለሰች ወዲህ እንግዳ ያማረረው ሁሌም እኔ በሌለሁበት ሰዓት መሆኑን አየሁ። ቁልፉን ፈትቼ ሰጠኋት። እሄዳለሁም እቀራለሁም ሳትል ተቀበለችኝ።

ዛሬ ከቅዳሴ ስመለስ ዕቃ ቤቱ ተከፍቷል፤ እሷም ሁለቱን ሠራተኞች አንሶላ አነጣጠፍ ታስተምራለች። አየችኝና «እትዬ፣ ጫማዎን ጠርገው ይግቡ» አለችኝ። ጠርጌ ገባሁ።

እመብርሃን ትጠብቅህ ልጄ። እባክህ ስትደውል ስለ እንግዶቹ እኔን ሳይሆን እሷን ጠይቃት። እጄ አሁንም መቀነቴን ይዳብሳል፤ እንዲለምድ ጸልይልኝ።

እናትህ ሰርክአዲስ